ቀይዋ ባለ ማርሽ እና የሁለት ቀን ዝምታዬ

"አጥንቷ አልተሰበረም!"

እናቴ ይህን ወሬ ይዛ ስትገባ እኔ ጓሮ ተቀምጬ ለወጥ የሚሆን የሽፈራው ቅጠል እየቀነጠስኩ ነበር። ሰፌዱን ከነቅጠሉ ጥዬ ዘለልኩ። ቅጠሉ ተበተነ፤ ዶሮዎቹ ተንጫጩ።

"ጉልበቷና ክርኗ ተልጧል፣ ከንፈሯ አብጧል። ጥርሷ ግን አለ፣ አጥንቷም ደህና ነው ብለዋል ጤና ጣቢያ" አለች እናቴ።

አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ሳምኳት።

"ምነው? ሰሞኑን ስሟ ሲነሳ ፊትሽን የምታጠቁሪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"እሱ ሌላ ነው፣ እማዬ።"

"ሌላው ምንድነው?"

የተበተነውን ሽፈራው መልቀም ጀመርኩ። ለእናቴ ያልነገርኳትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

የተጎዳችው ልጅ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። ብስክሌቷ የመጣችላት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። አክስቷ አዲስ አበባ ውስጥ ብርድ ልብስም፣ ድስትም፣ ጃንጥላም አንድ ጣሪያ ሥር ከሚሸጥበት ትልቅ መደብር በርካሽ አገኘኋት ብላ ገዛቻት። በካርቶን እንደታሸገች አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭና አርባ ምንጭ ገባች። ታላቅ ወንድሟ ካርቶኑን ግቢያቸው ውስጥ ሲቀድ እኛ የሰፈሩ ልጆች አጥሩን ተደገፍን።

"መካኒክ ጋ ውሰዳት እንጂ" አለው አንዱ።

"መካኒክ ምን ሊያደርግልኝ? መፍቻው አብሮ መጥቷል። እኔ እጅ የለኝም እንዴ?"

እጅስ ነበረው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲያጠብቅና ሲፈታ ውሎ ሲያቆማት ሰፈሩ ጸጥ አለ። ቀይ ናት፤ የበሰለ ቃሪያ የመሰለች ቀይ። ወገቧ ላይ በቢጫ ቀለም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተጽፎባታል። አሥራ ስምንት ማርሽ፣ ከፊት ሞላ፣ ውሃ መያዣ ጠርሙስ፣ ያውም ከነማስቀመጫው። ብረቷ የተጠቀለለበትን ላስቲክ እንኳ አላወለቁም፤ ቀለሟ እንዳይጫር።

የእኔዋ የአባቴ ናት። ጥቁር ናት፣ ከባድ ናት፣ ማርሽ የላትም፣ ከኋላዋ ሰፊ ዕቃ መጫኛ አላት። አባቴ ዓመታት ሙዝ ሲጭንባት ኖሮ ወገቡን ሲያመው ለእኔ ለቀቀልኝ። የፊት ፍሬኗ ከወለቀ ቆይቷል። የኋላው ግን አንዴ ከያዘ በሬ አይገፋትም። በዚያች ብስክሌት ላይኛው ሰፈር ሴቻ ድረስ ትምህርት ቤት ሄጄ ታች ወደ ሰፈራችን ሲቀላ እመለሳለሁ፤ ሽቅቡን እየገፋሁ፣ ቁልቁሉን ፍሬን እያስጮህኩ። ቀይዋ እስክትመጣ ድረስ እንደምወዳት አውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምኑን ልንገራችሁ። ማርሹ ጠቅ ባለ ቁጥር ጥርሴን አፋጫለሁ። ጓደኛዬ ከጠርሙሱ ውሃ ስትጠጣ እኔን ይጠማኛል። አጥር ተሻግሮ የሚመጣው የአዲስ ጎማ ሽታ ሳይቀር ያናድደኛል። አንድ ቀን "ንኪያት፣ ግን መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ" አለችኝ። እጄን ታጠብኩ! እስከ ዛሬ የሚያበሽቀኝ እሱ ነው፤ ሄጄ በሳሙና ታጠብኩ።

"እስከ ማንጎው ዛፍ ብቻ ነው የምትነጂያት፣ እሺ? ማርሹን ደግሞ አትነካኪ፤ ያንቺ እጅ ሙዝ ጫኝ የለመደ ነው።"

እስከ ማንጎው ዛፍ ነዳኋት። ልመለስ ስዞር የጫማዬ ጫፍ የፊት ጎማውን ነካና ልወድቅ ተንገዳገድኩ።

"እግርሽ ትልቅ ስለሆነ ነው" አለችኝ።

አመንኳት። ቤት ገብቼ እግሬን ሳየው አመሸሁ።

ከሁሉ ይበልጥ ያስቀናኝ ግን የፊቷ ሹካ ነው፤ የፊት ጎማውን ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ብረት። የእኔዋ ሹካ ጫፉ ወደ ፊት ይቀለበሳል፤ ዝንፍ ያለ የሽማግሌ ከዘራ ነው የሚመስለው። የእሷው ወደ ኋላ፣ ወደ ነጂዋ ታጥፏል። የፊት ፍሬኑም ከኋላው ተሸሽጓል። ጎማው ወደ ውስጥ ገባ ስለሚል ብስክሌቷ ልትዘል ያደባች ድመት ትመስላለች። "አዲሱ ፋሽን ነው" አለ ወንድሟ። ሲቀላ ሙሉ "ፋሽን ነው" አለ። ማን አይልም?

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ አላስቻለኝም። ከአባቴ ሣጥን መፍቻ አውጥቼ የመሪውን ብሎን አላላሁ፤ ሹካውን ከነጎማው ግማሽ ዙር አዙሬ መልሼ አጠበቅኩት። የእኔም ሹካ ወደ ኋላ ታጠፈ። ጥቁሯ ብስክሌቴ ወጣት ሆነች ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ገበያ ወጣሁ፤ ሰው ይይልኝ ብዬ ነው።

ሰውማ አየልኝ። ሙዝ ሻጮቹ ጋ ደርሼ ስታጠፍ የእግሬ ጣቶች ከፊት ጎማው ጋር ተጋጩ፤ መሪው ተጠመዘዘና ሁለት ዘለላ ሙዝ ላይ ተዘረጋሁ።

"ውይ ልጄን!" አለች ሻጯ። ወዲያው ደግሞ ሙዟን አይታ "ውይ ሙዜን!" አለች።

ብስክሌቴን እየጎተትኩ ገበያው ዳር በቆርቆሮ ጥላ ሥር ወደሚሠሩት መካኒክ ሄድኩ። ከደጋው ከገረሴ ወርደው እዚህ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛን የለመዱት ከጎለመሱ በኋላ ስለሆነ እኔንም ብስክሌቴንም ወንድ ያደርጉናል፤ እኛም ለምደነዋል።

"ማነው እሱን እንዲህ ያደረገው?" አሉ ሹካውን አይተው።

"እኔው ነኝ፣ ጋሼ። ፋሽን ነው።"

"ፋሽን!" ሳቁ፣ ሳቁ፣ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። "ነገ ደግሞ ጫማህን ተረከዙን ወደ ፊት አድርገህ ና፤ እሱም ፋሽን ነው!"

አፈርኩ። ላለማፈር ብዬ "የጓደኛዬም እንዲህ ነው። አዲሷ ቀይዋ" አልኳቸው።

ሳቃቸው ቆመ።

"ያ ከካርቶን የወጣው? ማን ገጠመው?"

"ወንድሟ።"

"ስማ። ሹካው ወደ ፊት የሚሄደው ጎማው ከእግር እንዲርቅ፣ መሪው እንዳይቅበጠበጥ ነው። ሜዳ ላይ ቢጥለው ይነሳል። የሴቻ ቁልቁለት ላይ ከጣለው ግን ጥርሱን ነው የሚለቅመው። ሂድና ንገረው ለጓደኛህ፤ ዛሬውኑ ያምጣው። ለማየት ምንም አልቀበልም።"

ሹካዬን ወደ ቦታው መለሱልኝ። እኔ ግን ከዚያ የወጣሁት በሌላ ደስታ ነው። ያ ያቃጠለኝ ውበት፣ ሲቀላ ሙሉ ያደነቀው ፋሽን፣ ስህተት ነው! ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ! መንገዱን ሁሉ ለብቻዬ እየሳቅሁ ገባሁ።

ሐሙስ ዴስካችን ላይ ስንቀመጥ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

"ያቺ አሮጊትሽ ትናንት ገበያ መሀል ሙዝ ላይ አነጠፈችሽ አሉ። እኔ ብሆን ለቁራሌው እሰጣት ነበር።"

ከኋላችን ያሉት ሳቁ። አፌን ዘጋሁ። ራሷ ትድረስበት አልኩ በልቤ። ትንሽ ብትወድቅ ምን አለበት፣ እኔም ወድቄ የለ? እንዲህ ነው ያልኩት፤ ቃል አልጨመርኩም። ቀኑን ሙሉ "ጥርሱን ነው የሚለቅመው" የሚለው የመካኒኩ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ዋለ፤ እኔ ግን ዝም። ዓርብም እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ዝም። ስንወጣ ጠርሙሷን እያሰረች "ዛሬ ፍሬን ሳልነካ ሲቀላ እገባለሁ፤ አንቺ እራት ላይ ትደርሺያለሽ" ስትለኝ እንኳ የመለስኩላት "እናያለን" ብዬ ነው።

ወረድን። እሷ ፊት፣ እኔ ፍሬኔን አንቄ ከኋላ። ዓባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ከታች ተዘርግቷል። መታጠፊያው ጋ አንድ አህያ እንጨት ተጭኖ መንገዱ ላይ ተገተረ። ጓደኛዬ ፍሬን ያዘች፤ ብስክሌቷ ግን ቀጠለች። ልታልፈው መሪውን ስትጠመዝዝ ጫማዋ ወደ ጎማው ሲጠጋ አየሁት።

"እግርሽን! እግርሽን አርቂ!" ብዬ ጮህኩ።

ሁለት ቀን የዘገየ ምክር መቼም ምን ያደርጋል። ጎማው ቀጥ አለ፣ እሷ በመሪው ላይ ተወረወረች።

ደርሼ ሳነሳት አፏ በደም ተሞልቷል። ጥርሷን ልቆጥር ብሞክር ከደሙ የተነሳ አይታየኝም። ጥቁሯ ብስክሌቴ መጫኛ ላይ አስቀምጬ በአንድ እጄ ወገቧን ይዤ፣ በሌላው መሪውን ይዤ ቁልቁል ገፋሁ። ቀይዋን የአህያው ባለቤት ተሸክመው ተከተሉን። እያለቀሰች እንኳ "ተጫረች?" ትለኛለች። ከዚያ ደግሞ እንዲህ አለች፦

"የእኔ ጥፋት ነው። ለካ የእኔም እግር ትልቅ ነው።"

ይኼ ነው ያቃጠለኝ። እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ገፋኋት። ወላጆቿ መጥተው ሲረከቡኝም እውነቱን አልተነፈስኩም፤ "አህያ መጣባት" አልኩ። አህያው ምስኪን ምንም አላደረገም።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ለምን እንደዘለልኩ ገባችሁ። ሽፈራውን ለእናቴ ትቼ አጥሩን ዞርኩና ገባሁ። ጓደኛዬ አልጋዋ ላይ ከንፈሯን እንደ ዳክዬ አሳብጣ ተቀምጣለች። ሳልቀመጥ ነገርኳት፤ ሹካውን፣ መካኒኩን፣ ሁሉንም።

"ታውቂ ነበር?"

"ከረቡዕ ጀምሮ።"

"ሐሙስም? ዓርብ እናያለን ስትዪኝም?"

"አዎ።"

ትራሷን ወረወረችብኝ። "ቀናተኛ!"

"አዎ።"

"አዎ ትላለች እንዴ! ምኗ ነው ያስቀናሽ?"

"ሁሉ ነገሯ። ጠቅታዋ። ጠርሙሷ። ላስቲኳ ሳይቀር።"

"ላስቲኳ?" ልትስቅ ጀመረችና አፏን ያዘች። "ወይኔ ከንፈሬን! አታስቂኝ፣ ተናድጄብሻለሁ።"

ትራሷን ከእጄ ነጥቃ ተደገፈችበት። ከዚያ "ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ፤ ከንፈሬ ሲሽር ነው የምንጣላው። መጀመሪያ ወንድሜን ልጨርስ" አለችኝ።

ሰኞ ከሰዓት እኔ፣ ጓደኛዬና ወንድሟ ሦስታችን ብስክሌቷን ገፍተን መካኒኩ ጋ ሄድን። ሹካውን ለማዞር ብዙም አልፈጀባቸውም። ሌላው ነው ጉዱ። ፔዳሉ ፕላስቲክ ነው፣ መሀሉ ተሰንጥቋል። የፍሬኑ ጎማ እንደ እንጨት ደርቋል፤ ዓርብ ያልያዘላትም ለዚህ ነው። ሞላ ያልነው ነገር መካኒኩ ሙሉ ክብደታቸውን ቢጥሉበት ንቅንቅ አይልም፤ ለዓይን የተቀመጠ ነው። ላስቲኩን ሲያወልቁት ከሥሩ ላብ የመሰለ እርጥበትና ዝገት ወጣ። ቀለሙን ሊጠብቅ የተተወ ላስቲክ፣ ከዚህ ሙቀት ጋር ተባብሮ ብረቱን ሲበላ ከርሟል።

"ርካሽ የሆነው ሱቅ ውስጥ ቆሞ እንዲያምር ስለተሠራ ነው፤ መንገድ አያውቅም" አሉ። ወደ ወንድምየው ዞረው "አብሮት የመጣውን ወረቀት አይተሃል?" አሉት።

"ተቀምጬበት ነበር፣ ጋሼ። መሬቱ ይሞቅ ስለነበር።"

ከአሮጌ ብስክሌት የተፈታ የብረት ፔዳል ገጠሙላት፣ የፍሬኑን ጎማ ቀየሩ፣ የተጣመመውን ቸርኬ አቀኑ። የጓደኛዬ ከንፈር ሲሽር በቃሏ መሠረት ተጣላን፤ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ እኩል ለእኩል ነው ብላ። ሦስተኛው ቀን ላይ ታረቅን።

አሁን ይህን ስጽፍ ቅናቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። ይብሱን በረታ እንጂ! ድሮ የምቀናው በመልኳ ነበር፤ አሁን በትክክል ስለምትሄድ በአካሄዷም እቀናለሁ። የሴቻን ሽቅብ ማርሽ እየቀያየረች ስታልፈኝ እኔ ጥቁሯን እየገፋሁ ጀርባዋን አያለሁ፣ ጥርሴንም አፋጫለሁ። ልዩነቱ አሁን እግሯንም አያለሁ፤ ፔዳሉ ላላ ሲል ከሩቅ እጮህላታለሁ።

ከመካኒኩ ስንለይ "ከካርቶን የወጣ ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ ብለህ ንገር" ብለውኝ ነበር። ይኸው እየነገርኩ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲቀላ ገበያው ዳር፣ ቆርቆሮ ጥላው ሥር ኑ። የገዛችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ልትገዙ ያሰባችሁ ሳትገዙ ኑና ምን እንደምታዩ ጠይቁ፤ የሰው ብስክሌት አይታችሁ ሆዳችሁ የሚነድ ደግሞ ባዶ እጃችሁን ኑ። እኔና ጓደኛዬ እዚያው ነን፣ መፍቻ እናቀብላለን።