ለሰላምታ የሚበቃ ትንፋሽ

ያን ዓመት ሆስፒታል ተኝቼ ከወጣሁ በኋላ ሞላሌ ከተማ ውስጥ ያየኝ ሁሉ «ተመቸህ!» ይለኝ ነበር። ስልክ ወደምጠግንባት ሱቅ የሚመጡ ሴቶች ጉንጬን አይተው «እንዲህ ሙላ እንጂ» ይሉኛል። አስሜን ያስታገሰልኝ ክኒን ፊቴን እንዳሳበጠው፣ ሆዴንም እንደ ሊጥ እንደነፋው ለስንቱ ላስረዳ? ክኒኑ ካበቃ በኋላም ክብደቴ አልወረደም። ጤና ጣቢያ ሚዛን ላይ ስወጣ ሰማንያ ስድስት ኪሎ ሆንኩ። ቁመቴ አንድ ሜትር ከስድሳ አራት ነው።

ነርሷ ውፍረቱ ደረቴን እየተጫነው መሆኑን ነግራኝ በእግር እንድሄድ አዘዘችኝ። እኔ ደግሞ ስፖርት ማለት ጎህ ሲቀድ የሚሠራ ነገር መስሎኝ በማግስቱ ከከተማው ሯጮች ኋላ ወጣሁ። ሜዳው ላይ ውርጭ ነበር። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ ደረቴ ተቆለፈ፤ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ከኪሴ ላውጣ ስል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።

«ማን በውርጭ ሂድ አለህ?» ብላ ተቆጣችኝ ነርሷ። «ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ፣ መድኃኒቱን ሩብ ሰዓት ቀድመህ ሁለቴ ስበህ። ደግሞ እየሄድክ አውራ።»

«ከማን ጋር?»

«እሱን እንጃ። ማውራት ካቃተህ ግን ፈጥነሃል ማለት ነው።»

ከማን ጋር እንደማወራ ያሳሰበኝ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። በእኛ አገር ሰው ሳያናግሩ መንገድ አይታለፍም። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ዳገት የሚወርደው ሁሉ ይጠይቃል፦ እንዴት አደርክ፣ ቤት ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ገብሱ እንዴት ይዞታል? ለሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። ዐሥራ ሁለት ፊደል ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። በአንድ ትንፋሽ ከጨረስኩት እርምጃዬ ልክ ነው። «እግዚአብሔር» ላይ ተንፍሼ «ይመስገን»ን ለብቻው ካወጣሁት ፈጥኛለሁ። ሱቅ ስመለስ የተቆረጠብኝን ቦታ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ «ከባሕር ዛፉ አለፍ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ።» በአምስት ወር ሰማንያ ሁለት ገባሁ።

ከዚያ ሚዛኑ ቆመ። አንድ ወር ሙሉ ሰማንያ ሁለት። በዚያው ሰሞን የአባቴ ታላቅ ወንድም ሽማግሌ ሆነው ላገባት ወደምፈልጋት ልጅ ቤት ሊሄዱልኝ ተነጋግረን ነበር። አባቴ ስለሌለ ከእሳቸው ሌላ የሚሄድልኝ ዘመድ የለኝም። ልጅቷ አስሜን ታውቃለች፤ አባቷ አያውቁም። ለአጎቴም ሆስፒታል ያስገባኝን ነገር ድኖ የቀረ አስመስዬ ነበር የነገርኳቸው። እንደዚያ ወፍሬና እያለከለክሁ ሙሽራ መሆን አልፈለግሁም። ስለዚህ የነርሷን ትእዛዝ ተውኩና መፍጠን ጀመርኩ።

አንድ የገበያ ቀን ዳገቱን እየተጣደፍኩ ስወጣ አጎቴ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ገብስ የጫነች አህያቸውን እየነዱ ቁልቁል መጡ።

«እንደምን ነህ፣ አንተ ልጅ?» አሉኝ ከሩቅ።

ቃል አልወጣ አለኝ። ቆሜ ትንፋሼን መሰብሰብ እችል ነበር፤ ግን ደረቴ ሲያፏጭ ሊሰሙ ነው። እጄን ብቻ አንሥቼ፣ ፊቴን ወደ ማሳው አዙሬ አለፍኳቸው። የአህያዋ ኮቴ ከኋላዬ ቆመ። አልዞርኩም።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤታቸው ስልኳን ልታሠራ መጣች። «አጎትህ ተቀይመዋል» አለችኝ። «‹የወንድሜ ልጅ ከተማ ገብቶ ኮራ፤ ሽማግሌም ከዚያው ከከተማው ይፈልግ› ሲሉ ሰማሁ።»

ቤታቸው ለጤነኛ ሰው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ከታመምኩ ወዲህ በእግሬ ደርሼበት አላውቅም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ተነሥቼ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እያልኩ፣ እያረፍኩ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጅቶብኝ ደረስኩ።

አጎቴ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ቀና አላሉም።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ?»

«አሃ! ዛሬስ ካርድ ሞላህ? እኔኮ ሰላምታም በካርድ ሆነ ብዬ ነበር።»

ባለቤታቸው ከውስጥ እየሳቁ ብቅ አሉ፤ አተኩረው ሲያዩኝ ግን ሳቃቸው ጠፋ። «ውይ! ከሳህ እኮ! የሚበላ አጣህ?»

«ሆን ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ሆን ብሎ የሚከሳ ደግሞ ማን አየ!» ብለው ገንፎ ሊያገነፉ ገቡ።

አጎቴ አጠገብ ተቀምጬ ክኒኑንም፣ ሚዛኑንም፣ ውርጩንም፣ ትንፋሼን በሰላምታ እንደምለካም በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። የመጨረሻውን ስናገር መሬት መሬቱን አየሁ። «ያን ቀን ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር፤ ግን መቆም እችል ነበር። ሲያፏጭ እንዳይሰሙኝ ብዬ ነው ያለፍኩዎት።»

«እኔን አፈርክ?»

«አዎ።»

«የሰው ቤት ገብቼ ‹ልጁ ጤነኛ ነው› ልል ነበር እኮ። በዚህ ሽበቴ ልታስዋሸኝ!»

«ያለብኝን ሁሉ ይንገሩልኝ፣ ጋሼ።»

«እምቢ ካሉስ?»

«እምቢ ይበሉኝ» አልኩ።

ገንፎው መሀሉ በቅቤ ተሞልቶ መጣ። ከዳር ከዳሩ ስበላ እትዬ አዩኝና «ቅቤው አይነክስህም!» አሉ።

ስነሣ አጎቴ ዱላቸውን ይዘው «ልሸኝህ» አሉ። ከቤታቸው በታች መንገዱ ወንዝ ተሻግሮ እንደገና ይወጣል። ልክ ዳገቱን ስንጀምር ጥያቄውን አዘነቡት። ሱቁ እንዴት ነው? አከራይህ ደህና ናት? ዝናቡ እናንተ ዘንድ እንዴት ነበር? ሆን ብለው መሆኑ ገባኝ። አራተኛው ላይ «እግዚአብሔር» ብዬ ተቆረጥኩ።

«ቁም፤ እኔም ደክሞኛል» አሉ። አልደከማቸውም ነበር።

ቆምን። ደረቴ አፏጨ፤ ሰሙት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ጡት ያጣ ጠቦት ይመስላል» አሉ። ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ደግሞ ሳል አመጣብኝ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ትከሻዬን ይዘው ጠበቁኝ።

ዳገቱ ራስ ላይ ተቀምጠን መድኃኒቱን አሳየኝ አሉ። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት።

«ሱስ ያስይዛል?»

«አያስይዝም።»

«ወደ ሰው ይጋባል?»

«አይጋባም። ለልጅ ሊወርድ ይችላል፤ የግድ ግን አይደለም።»

«እሱንም እናገራለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሄዳለሁ፤ የሚወስኑት አባቷ ናቸው።» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የልጅቷ አባት ፊት እንደቆሙ ሆነው፣ የነገርኳቸውን አንድ በአንድ ደገሙት። መድኃኒቱን ከመንገድ በፊት «ሩብ ሰዓት» ቀድሜ እንደምስብ የነገርኳቸውን «ግማሽ» ሲሉ አረምኳቸው። ተናደዱ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። በሁለተኛው አልተሳሳቱም።