አምስቱ የማክሰኞ ቃላት

«ተቀመጪ ብዬሻለሁ።»

«ዐረፍተ ነገሬን አልጨረስኩም፣ ጋሼ።»

«ሰማነው። ይበቃል።»

«መጀመሪያውን ብቻ ነው የሰሙት» አልኩ።

በክፍሉ መስኮት በሚገባው ብርሃን ውስጥ የጠመኔ ብናኝ ይንሳፈፍ ነበር። ዛሬም ጠመኔ በሸተተኝ ቁጥር ራሴን የማገኘው እዚያው ነው፤ አቃቂ፣ አምስተኛ ክፍል፣ የንባብ መምህራችን ፊት።

ነገሩ የጀመረው ከሳምንት በፊት ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ መምህራችን አምስት አዳዲስ ቃላት ሰሌዳው ላይ ይጽፉና ፍቺያቸውን ይነግሩን ነበር። ከዚያ እየተነሳን ቃሉን በዐረፍተ ነገር እናስገባለን። ያን ሰዓት ከምሳ አስበልጬ እወደው ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ከሐዲዱ ሥር በተጋደመው በያንዳንዱ ብረት ላይ አንድ ቃል እየረገጥኩ እደግማቸዋለሁ፤ የፋብሪካው ፊሽካ ሲጮህ እንኳ አልሰማም።

ያን ማክሰኞ ከቃላቱ አንዱ «ቸልተኛ» ነበር። መምህራችን ምሳሌ ፍለጋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩና፣ «የሐዲዱ ዘበኛ ቸልተኛ ስለነበረ የገበሬው አህያ በባቡር ተገጨች» አሉ።

የሐዲዱ ዘበኛ አባቴ ነው።

ጣቢያው አጠገብ፣ የመኪናው መንገድ ሐዲዱን በሚያቋርጥበት ቦታ፣ ባቡር ሲመጣ ሰንሰለት ዘርግቶ ቀይ ባንዲራ ይዞ የሚቆመው እሱ ነበር። አህያዋ በተገጨችበት ቀንም ዘርግቷል። ምሳውን አድርሼለት አጠገቡ ቆሜ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። አህያዋ ናት ጭነቷን አራግፋ ስትመለስ ከሰንሰለቱ ሥር የሾለከችው። ባለቤቷ ግን ገበያ መሃል ቆሞ አባቴን ሲረግም ዋለ፤ አቃቂም የጮኸውን አመነች።

ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ፣ «ያንቺ አባት አይደለም እንዴ?» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። አንገት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በእረፍት ሰዓት ስሜ ቀርቶ «ቸልቱ» ሆንኩ። «ቸልቱ፣ ባቡር መጣልሽ፤ አህያሽን ያዢ።» መምህራችን ማንን እንደነኩ አላወቁ ይሆናል። ያኔ ግን «ይሆናል» የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ለአባቴ ትንፍሽ አላልኩም። ሰባት ቀን ሙሉ በቀሌን ስስል ከረምኩ። የምስለው ቢላ ደግሞ የመጣው ከቤታችን ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ቀን አባቴ እራት ላይ ለእናቴ ሲያወራላት ሰምቻለሁ። መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ከረባት አስረው የድሬዳዋውን ባቡር ይጠብቃሉ። ሰው ይወርዳል፣ ሻንጣው ይወርዳል፣ ሁሉም ይበተናል፤ እሳቸው የሚጠብቋት ሴት ግን አትወርድም። «እኔማ ፊቴን አዞራለሁ፤ ያየኋቸው እንዳይመስላቸው» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይቺ ወሬ ከዚህ ቤት እንዳትወጣ፣ አደራ» አለኝ።

በተከታዩ ማክሰኞ ሰሌዳው ላይ «በከንቱ» የሚል ቃል ተጻፈ። እጄን ከሁሉም ቀድሜ አወጣሁ።

«መምህራችን ቅዳሜ ቅዳሜ ጣቢያ ይሄዳሉ» ብዬ ጀመርኩ። «ተቀመጪ» ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። አልተቀመጥኩም።

«ከረባታቸውን አስረው የማትመጣውን ሴት በከንቱ ይጠብቃሉ» ብዬ ጨረስኩ።

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ከጎኔ ያለችው ልጅ ዴስኩን እየደበደበች ሳቀች። አልዋሽም፣ ጣፈጠኝ። ዛሬም ግጥም ስጽፍ አንድ ቃል ቦታው ላይ ሲቀመጥ ያው ጣዕም አፌ ላይ ይመጣል።

መምህራችን እጃቸውን ኮታቸው ላይ ጠረጉ። ነጭ የጣት ምልክት ቀረበት።

«ማን ነገረሽ?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። «አባቴ» አልኩ። «የሐዲዱ ዘበኛ።»

ለካ የእሱ ልጅ መሆኔን እስከዚያ ሰዓት አላወቁም ነበር።

«ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው ነው የሚቆሙት» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ። «እሳቸው እንኳን አላዩኝም እል ነበር።»

ሳቁ ቀዘቀዘ። እኔ አሁንም እንደቆምኩ ነበር፤ እንዴት እንደሚቀመጥ ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲያ ጣቢያው ላይ ከረባት ያሰረ ሰው አልታየም። አባቴ ሰንሰለቱን ጠቅልሎ ሲገባ፣ «መምህሩ ዛሬም የሉም። ታመው ይሆን እንዴ? ትምህርት ቤት ይመጣሉ?» ይለኝ ነበር። «ይመጣሉ» እለዋለሁ፣ ፊቴን አዙሬ።

ያን ማክሰኞ ግን መምህራችን ጠመኔውን በሰሌዳው ጠርዝ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡ።

«ዐረፍተ ነገሩ ትክክል ነው» አሉኝ፤ መጽሐፋቸውንም ሳያነሱ ወደ በሩ ሄዱ።

የክፍላችን በር በክረምቱ ዝናብ ካበጠ ወዲህ በእርግጫ ካልሆነ አይገጥምም ነበር። እሳቸው ግን ከውጭ ሆነው እጀታውን ቀስ ብለው ወደ ላይ አነሱት፤ በሩም ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ።