ከበይሉል ወዲያ፣ አረንጓዴ ድንጋይ ፍለጋ

ባለቤቴ ያን ድንጋይ ያገኘው ጎማ ፈንድቶበት ነው። በደርግ ዘመን፣ እኔ አሰብ ተመድቤ ሳስተምር፣ እሱ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ወደብ ከሚሠራ አፋር ወዳጁ ጋር በይሉል ድረስ ሄደው ዓሣ ገዝተው ሲመለሱ ጎማቸው ፈነዳ። መኪናዋ ክሪክ ላይ እንዳለች እንዳትንሸራተት ብሎ ባለቤቴ ከመንገዱ ዳር አንድ ጥቁር ድንጋይ አነሳና ወደ ሌላኛው ጎማ ወረወረው። ድንጋዩ መሬት ላይ ካለ አለት ጋር ተጋጭቶ ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ አረንጓዴ ነበር።

እቤት ሲደርስ ዓሣውን መኪናው ውስጥ ረስቶ፣ ድንጋዩን በሸሚዙ ጠቅልሎ፣ በካናቴራ ብቻ እየሮጠ ገባ።

«ነይ! ወደ መስኮቱ ነይ! እስቲ እዪልኝ!»

ከውጭ ሲያዩት ቀዳዳ ቀዳዳ የበዛበት፣ ያረረ ዳቦ የሚመስል ነገር ነው። መሐሉ ላይ ግን እንደ ረጠበ ስኳር የተጣበቁ አረንጓዴ ፍሬዎች ታጭቀዋል። ወደ ብርሃን ሳዞረው ሁሉም በአንድ ጊዜ ብልጭ አሉ። ደነገጥኩ። ለሁለት ዓመት በእነዚያ ጥቁር ድንጋዮች አጠገብ ሳልፍ አንዱንም ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም።

እናቴ ያን ሰሞን እኛ ዘንድ ነበረች። ከመንዝ፣ ከዚያ ብርድ አገር፣ እኔን ልትጠይቅ በአውቶቡስ ወርዳ፣ ሙቀቱን ስላልቻለችው ከቬንቲላተሩ ፊት አትነሳም። ከባለቤቴ ጋር በአማችነት ወግ «እንደምን አደሩ» «እግዜር ይመስገን» ከመባባል ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም። ድንጋዩን ስንሻማ አየችንና እጇን ዘረጋች። ተቀበለች፣ አገላበጠች፣ ከዚያም ላስ አደረገችው።

«አሞሌ አይደለም» አለች።

ባለቤቴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ዕንቁ ነው መሰለኝ፣ እማማ» አላት።

«ዕንቁ ሜዳ ላይ ተዘርቶ የት ያውቃል?»

«እዚህ ካለ ብለን ሄደን ልንፈልግ ነው።»

«ልንፈልግ ነው ስትል እኔም አለሁበት? ወይስ ከዚህ ከሚዞረው ነገር ጋር ልትተዉኝ ነው?»

እንዲህ ሆኖ የድንጋይ ፍለጋው ጉዞ ላይ እናቴ ተጨመረች።

ያን ጊዜ ከከተማ ወጥቶ ለማደር የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። የቀበሌው ጸሐፊ ምክንያቱን ሲጠይቀው ባለቤቴ «ድንጋይ ለመሰብሰብ» ብሎ እውነቱን ተናገረ። ጸሐፊው ትክ ብሎ አየውና፣ «ጓድ፣ አሰብ ውስጥ ድንጋይ አጥተህ ነው?» ብሎ እየሳቀ ማኅተሙን መታለት። ከባለቤቴ የሥራ ባልደረባ አሮጌ ጂፕ ተዋስን። ውኃ በጀሪካን፣ ሸራ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ ዳቦና ቴምር ጫንን። እናቴ «በረሃ ነው የምንሄደው» ብንላትም ጋቢዋን አልተውም አለች።

ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳን። አፋሩ ወዳጃችን መንገድ ሊያሳየን ከፊት ተቀመጠ፤ እኔና እናቴ ከኋላ ከጀሪካኖቹ ጋር። ባሕሩ በቀኛችን እንደ ላሜራ ያብለጨልጫል። ጂፗ ስትዘል እናቴ መጀመሪያ «ማርያም! ማርያም!» ትል ነበር፤ ቆይታ ግን መሳቅ ጀመረች። ያን ያህል ስትስቅ ከልጅነቴ ወዲህ አይቻት አላውቅም። እኔም ሳቄ ተለቀቀብኝ፣ ሁለታችንም ያለ ምክንያት እየሳቅን በይሉል ደረስን።

በይሉል ላይ ወዳጃችን ከግመል ነጂ ዘመዱ ጋር ተገናኘ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ የሰማውን ያየውን ሁሉ ሳይለዋወጥ አይለያይምና፣ ወሬው ረዘመ። ባለቤቴ ትዕግሥቱ አልቆ ጂፗን ይዞራል፣ ጎማዋን በእግሩ ይነካል። በመጨረሻ ወዳጃችን ተመለሰ።

«ምን አለ?» አለ ባለቤቴ።

«ከዚያ ከጥቁሩ ኮረብታ ሥር የደረቀ ወንዝ አለ። ጥቁር ድንጋይ እንደ ልብ ነው ይላል።»

«አረንጓዴውስ?»

«እሱን እናንተ ካያችሁት ንገሩኝ ብሎኛል።»

ባሕሩን ትተን ወደ ውስጥ ታጠፍን። ብዙም ሳንሄድ የኋላው ጎማ አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። ገፋን፣ ቆፈርን፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ይብሳል። ባለቤቴ ላቡን እየጠረገ የሚነጠፍ እንጨት ሲፈልግ፣ እናቴ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ ከጎማው ሥር ጎሰጎሰችው።

«እማማ! ጋቢው!» ብሎ ጮኸ።

«ይታጠባል! አንተ ንዳ!»

ነዳ። ጂፗ አጓርታ ወጣች። ጋቢው ቡናማ ሆኖ፣ አንድ ጥጉ ተቀድዶ ወጣ። ባለቤቴ አራግፎ አጣጥፎ በሁለት እጁ ሲመልስላት፣ እሷ ቀድማ ወጥታ መቀመጫዋ ላይ ተመቻችታለች። «ፀሐይ ሳይከርርብን፣ ልጄ» አለችው። «ልጄ» ስትለው ይኼ የመጀመሪያዋ ነው።

ኮረብታው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ዙሪያውን መሬቱ ጥቁር፣ ድንጋዩ ጥቁር፤ አንዳንዱ እንደ ዱባ የተድበለበለ፣ አንዳንዱ የእጅ ጭብጥ የሚያህል። ሸራውን አንዲት ግራር ላይ ወጥረን ወዲያው መዶሻ ያዝን። መታን፤ ባዶ። ሌላ መታን፤ ባዶ። መዶሻው ሲያርፍ ድንጋዩ እንደ ብረት ይጮኻል፣ ፍንጣሪው እግራችንን ይመታናል። ከዚያ ወዳጃችን የመታው አንዱ ተከፈተና፣ ሰውየው መዶሻውን ጥሎ በአፋርኛ የሆነ ነገር ጮኸ። ትርጉም አላስፈለገንም። ሦስታችንም ሮጥን።

አረንጓዴ! ከመጀመሪያው የበለጠ፣ ጥርት ያለ አረንጓዴ። ባለቤቴ በመሮው ጫፍ ሊያወጣው ነካ ሲያደርገው ግን ፍሬው ተፈረካክሶ ዱቄት ሆነ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ያገኘናቸው ሁሉ እንደዚሁ ነበሩ። ቀትር ላይ ሸራው ሥር ገብተን ዳቦና ቴምር በላን። ባለቤቴ መዳፉ ላይ የቀረውን አረንጓዴ ብናኝ እያየ፣ «ለዓይን ብቻ የተፈጠረ ነገር ነው» አለ።

ፀሐዩ ዘንበል ሲል እኛ ወደ መዶሻችን ተመለስን፤ እናቴ ደግሞ በደረቁ ወንዝ ዳር ዳሩን ጎንበስ ብላ ትሄዳለች። ትንሽ ቆይቶ ድምጿ መጣ።

«ልጆች! ኑ! ጉንዳኖቹ ቀድመውናል!»

በፀሐይ ናላዋ የዞረ መስሎኝ ሮጥኩ። መሬት ላይ ተንበርክካ የጉንዳን ጉድጓድ ላይ አፍጥጣለች። ጉንዳኖቹ ከሥር እያወጡ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ የከመሩት ጠጠር፣ ከጎን በመጣው ብርሃን አረንጓዴ ያበራል። ዱቄት አይደለም፤ አንድ አንዱ ፍሬ ለብቻው፣ ድፍን ነው።

«እነሱ ምን መሮ አላቸው?» አለች እናቴ። «አንድ አንዱን ነው የሚሸከሙት። እንደነሱ እንልቀም።»

ባለቤቴ በደረቱ ተኛ። እኔም ተኛሁ። ወዳጃችንም ሽርጡን ሰብስቦ ተኛ። አንዱን ኩይሳ ለቅመን ወደ ሌላው ተሳብን። የምናገኘውን በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ስንጥለው ጠብ ጠብ ይላል። ምስር የሚያህል፣ ሽንብራ የሚያህል። አንድ ሰው ባገኘ ቁጥር ይጮኻል፣ ሌሎቻችን ደግሞ አንገታችንን አቅንተን «ስንት ያህላል?» እንላለን። ጉንዳኖቹም አልተዉንም፤ ባለቤቴ ሁለቴ ሱሪውን ሊያራግፍ ከኮረብታው ጀርባ ሮጧል።

እኔ ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ጎርፉ ድንጋይ አምጥቶ በሚጥልበት ቦታ አሸዋውን በጣቶቼ ሳበጥር አንድ ለስላሳ ነገር ነካሁ። አነሳሁት። ባቄላ ያህላል። አፈሩን በቀሚሴ ጠርጌ ወደ ፀሐይ ሳነሳው ብርሃኑ ወዲያ ማዶ አለፈ፤ አውራ ጣቴ በውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ታየኝ። ወደ እናቴ ሮጬ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። እሷ ናት እልል ያለችው። እልልታዋ ኮረብታውን መትቶ ተመለሰ፤ ባለቤቴ ሰማና እየበረረ መጥቶ፣ ድንጋዩን እንኳ ሳያይ፣ አጎንብሶ ጉልበቷን ሳመ።

ማታ ወዳጃችን ከበይሉል የያዝነውን ዓሣ ፍም ላይ ጠበሰልን። እናቴ እጇ በዘይት እንደረጠበ ከባለቤቴ ጋር የነገውን ስትመክር፣ እኔ በመሐላቸው ቃል ማስገባት አቃተኝ።

በማግሥቱ ስንመለስ ኬላው ላይ አንድ ወጣት ወታደር አስቆመን። የሻይ ቆርቆሮውን አንስቶ ነቀነቀው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ክፈተው፣ ልጄ» አለች እናቴ።

ከፈተው። ፊቱ ወዲያው የልጅ ፊት ሆነ። «ከየት ነው ያመጣችሁት?»

«ጉንዳን ነው የሰጠን።»

አነጋገሯን ሰምቶ ቀና አለ። «እማማ፣ አገርዎ የት ነው?»

«መንዝ።»

«እኔም እኮ የሞላሌ ልጅ ነኝ!»

ጂፗን መፈተሹ ቀረና የሁለቱ የአገር ወሬ ጀመረ። እናቴ ከቆርቆሮው ሽንብራ የሚያህለውን መርጣ «ለእጮኛህ» ብላ ሰጠችው። «የለችኝም» አለ አፍሮ። «ይኼን ይዘህማ አታጣም» አለችው። በመሐረቡ ቋጥሮ ኪሱ ከተተ።

አሰብ ገበያ ውስጥ ወደነበሩት የየመን ሰው፣ ወደ ወርቅ ሠሪው ወሰድነው። ሽማግሌው ባቄላውን ድንጋይ ዓይናቸው ሥር አስጠግተው፣ «ወላሂ፣ ዘበርጀድ!» አሉ፤ በዓረብኛ የዚህ አረንጓዴ ዕንቁ ስም ነው።

«ሀብታም ያደርጋል?» አለ ባለቤቴ።

«አያደርግም» አሉ። «ያስደስታል።»

አጥርተው ብር ቀለበት ላይ አስቀመጡልን። ባለቤቴ ተቀብሎ ለእኔ ያጠልቅልኛል ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ አልፎኝ ሄዶ የእናቴ ጣት ላይ አደረገው። እኔም ተናደድኩ እንዳልል፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ እስቃለሁ።

ቀለበቱን ያየ ጎረቤት ሁሉ ጠየቀ፣ የጠየቀ ሁሉ ጎመጀ። በሚቀጥለው እረፍት ሁለት ጂፕና አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ሰው ወጣ። የማጣሪያው ቴክኒሻኖች፣ መምህራን ጓደኞቼ፣ አንዲት ነርስ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ መሐንዲስ። እናቴ ከጭነት መኪናው ጋቢና ወርዳ መዶሻ የያዙትን ሁሉ መዶሻቸውን አስጣለቻቸው። ከቀትር በኋላ ቀና ስል፣ ያ ሁሉ የተማረ ሰው በጥቁሩ ሜዳ ላይ በደረቱ ተኝቷል። ከወዲያ ማዶ መሐንዲሱ «አገኘሁ!» ብሎ ጮኸ፣ ሁላችንም ብድግ ብለን ወደ እሱ ሮጥን።