የጸሐፊዋ ክላሰር

ቤቴል ፌርማታው አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ከፊቴ ተራ የያዙት ሴትዮ ሃምሳን ያለፉ ይመስላሉ። የሹራባቸው ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክተዋል። የያዙት ወፍራም ክላሰር ጀርባው ላይ «የዕድር ቃለ ጉባኤ» ይላል። ሲከፍቱት ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስታወሻ ነው፤ በእጅ የተጻፈ፣ በየትምህርቱ የተለየ። መለያ ያደረጉት የሠርግ መጥሪያ ካርድ ስለሆነ የሙሽሮቹ ስም በወርቃማ ቀለም ከወረቀቶቹ መሀል ብቅ ብቅ ይላል።

«ፊዚክስ የአነስና የፈይዛ ካርድ ሥር ነው» አሉኝ፣ ዓይኔ እንዳረፈበት አውቀው። «እነሱ ተፋቱ። እኔና ፊዚክስም ብዙ አልተግባባንም።»

የደበዘዘውን ኮፒ ለሠራተኛዋ መልሰው ሌላውን ጠርዝ ለጠርዝ እያስተካከሉ በየቦታው አስገቡ።

«ሰኞ ፈተና አለብኝ፤ ቤት ማንም አያውቅም። ካለፍኩ እነግራቸዋለሁ። ከወደቅኩ ስብሰባ ነበርኩ።»

«እስከዚያ ከፍተው ቢያዩብዎትስ?»

ክላሰሩን ብብታቸው ሥር ከተቱት።

«የዕድሩ ሊቀመንበር ባለቤቴ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን ከፍቶት አያውቅም።»