ዝናብ የሌለበት መልስ

ቢቸና መዝገብ ቤት ጉዳይ ኖሮት የሄደ ሰው ሁሉ ይርጋነሽን ያውቃታል። ባለጉዳይ ሲያስረዳት ዓይን ዓይኑን እያየች ትሰማለች፤ ሲጨርስም "እሺ፣ ገብቶኛል" ትላለች። አንገቷ ግን ንቅንቅ አይልም። አዲስ የሚመደቡ ሠራተኞች ኩራት ይመስላቸዋል። ኩራት አይደለም። ጎረቤቷ ስለሆንኩ ነገሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አሳምሬ ልጽፈው መቻሌን ግን እንጃ።

እናቷ እማማ ወለተ ሐና የታወቁ አልቃሽ ነበሩ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ሌሎቹ አልቃሾች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉላቸዋል። ብዙ ግጥም አውጥተዋል፤ ሰው ሁሉ በቃሉ የያዘው ግን ባላቸውን የቀበሩ ቀን ያወጡትን ነው። የይርጋነሽ አባት ዓባይን እየተሻገሩ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። እማማም አስከሬኑ ፊት ቆመው እንዲህ አሉ፦

ዓባይን ወጣሁት ቀኑ እየጨለመ፣
ማደሪያዬ ደጀን ከወዴት ከረመ?

ሰሙ የመንገደኛ ነው፤ የዓባይን ዳገት ወጥቶ ደጀን ከተማ አድራለሁ ሲል ከተማዋን ያጣ መንገደኛ። ወርቁ ደግሞ ደጀን የተባለው ከኋላ የሚቆም አለኝታ ነው፤ ባል ነው። ያን ቀን እኔም እዚያ ነበርኩ።

በ1995 ዓ.ም. አንድ ወጣት ፊልም ሠሪ ከአዲስ አበባ መጣ። የለቅሶ ግጥም እሰበስባለሁ ብሎ ሦስት ቀን እማማ ቤት እየተመላለሰ በቴፕ ቀዳ። ጠላ ቀዱለት፣ "ልጄ" አሉት፣ ሲሄድም መርቀው ሸኙት። ከሁለት ዓመት በኋላ ፊልሙ ወጥቶ እዚሁ ቢቸና ጓዴ የሚባል ሰው ቪዲዮ ቤት ደረሰ። ባሏ የሞተባትን ሴት የምትጫወተው ተዋናይት ያንን ግጥም ስታወርድ፣ ቤቱ ሙሉ ወደ ይርጋነሽ ዞረ። እሷ የሠራተኞቹ ስም ማለፍ ሲጀምር ተነሥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። የሹፌሩ ስም አለ። ምግብ ያበሰለችው ሴት ስም አለ። የእናቷ ስም የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ተናድዶ ይተወው ነበር። ይርጋነሽ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ስም የሌለው ወረቀት ሲመጣላት "ይህ የማን ነው?" እያለች ስትመልስ የኖረች ሰው ናት።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ያ ፊልም ሠሪ፣ ዳይሬክተሩ፣ በየከተማው እየዞረ ፊልሙን እንደሚያሳይ፣ ከተመልካች ጋርም ጥያቄና መልስ አድርጎ፣ ያንንም በካሜራ አስቀርጾ በሲዲ እንደሚያወጣ ተሰማ። ቢቸና አይመጣም፤ ሞጣ ግን ይመጣል። ይርጋነሽ የሁለት ቀን ፈቃድ ወስዳ፣ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ፣ በደብረ ወርቅ በኩል በአውቶቡስ ሄደች።

ሞጣ የሆነውን እኛ የሰማነው ከእሷ ነው። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መጀመሪያ አንድ መምህር ተነሥተው የፊልሙ ባለቤት አንተ ነህ ወይስ ገንዘቡን ያወጣው ነጋዴ ብለው ጠየቁ። ዳይሬክተሩ "ባለቤቱ ሕዝብ ነው" አለ፤ ተጨበጨበለት። እሷ እጇን አውጥታ ድምፅ ማጉያው ሲደርሳት ዝናቡ ለቀቀው። ቆርቆሮው እየጮኸ አልሰማ ስላለ ጥያቄዋን ሦስት ጊዜ ደገመች፦ "ያ የለቅሶ ግጥም የማን ነው?"

ዳይሬክተሩ እንደ ሰማት ከተቀመጠበት ተነሣ። "ግጥሙ የእማማ ወለተ ሐና ነው። ቢቸና ድረስ ሄጄ ከአፋቸው የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ ስማቸውን ሳልጽፍ መቅረቴ ጥፋቴ ነው። ዛሬ እናንተ ፊት ተናግሬያለሁ፤ ይኸው ካሜራውም ይቅረጸው" አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ይርጋነሽ ራሷን ነቀነቀች፣ አለቀሰች፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አለችው። በጽሑፍ ስጠኝ አላለችም። በቃል የመጣ ነገር መዝገብ ላይ አይሰፍርም እያለች ባለጉዳይ የምትመልሰው ራሷ ናት፤ ያን ቀን ግን ደስታው አስረሳት።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ ይህንኑ ቃል በቃል ለሁላችን ስትነግረን ቆየች። የቢሮ ባልደረባዋ ደምለው ተረበኛ ነው። "ሲዲው ይምጣና እናያለን፤ እስከዚያው በቀጠሮ ይቆይ" ይላት ነበር። እሷም ትስቅ ነበር።

ሲዲው ታኅሣሥ ላይ መጣ። ሽፋኑ ላይ "የቀጥታ ጥያቄና መልስ" የሚል ተጽፎበታል። ይርጋነሽ ቅዳሜ ከሰዓት እናቷን እጃቸውን ይዛ ጓዴ ቪዲዮ ቤት አመጣቻቸውና የፊተኛው አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው። የእማማ ዓይን በሞራ ከተያዘ ቆይቷል፤ የመጡት ስማቸው ሲጠራ በጆሯቸው ሊሰሙ ነው። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እኔ በር አጠገብ ቆሜአለሁ።

ይርጋነሽ ስትታይ ቤቱ በፉጨትና በጭብጨባ ተናወጠ። ሰማያዊ ሹራቧን ሁላችንም አወቅነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ይሰማል፤ "ያ የለቅሶ ግጥም የማን ነው?" ስትልም ይሰማል። ከዚያ ዳይሬክተሩ ብቅ አለ። እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል።

"ባለቤቱ ሕዝብ ነው" አለ። ተጨበጨበ።

ወዲያው የይርጋነሽ ፊት ተመልሶ መጣ። ራሷን ትነቀንቃለች፣ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች። ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ጥያቄ አለፈ።

ይርጋነሽ ክው ብላ ቀረች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችውን ሴት የምታያት እንደማታውቃት ነበር። ከኋላ አንዱ "ታዲያ ይኼን ነው እንዴ አምስት ወር ሙሉ የነገረችን?" ሲል ሰማሁ። ደምለውም እንደ ልማዱ መቀለዱ መስሎት "ይርጌ፣ አንቺ እኮ አመስግነሽው ነው የመጣሽው" አላት። እውነቱን ልናገር፤ እኔም በልቤ ተጠራጠርኳት። ያየሁትን ዓይኔ አይቷል፣ ምን ልበል? ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

እማማ ወለተ ሐና ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

"ጓዴ፣ እስቲ ወደ ኋላ መልሰው።"

መለሰው። እማማ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። እንደገና አስመለሱት። ሦስተኛው ላይ እጃቸውን አነሡ።

"ዝናቡ የት ሄደ?" አሉ።

ማንም አልገባውም። ጓዴ "የምን ዝናብ እማማ?" አላቸው።

"ልጄ ስትጠይቅ ዝናብ አለ። ልጄ ስታመሰግን ዝናብ አለ። እሱ ሲመልስ ዝናብ የለም። በሐምሌ ነው ያለችኝ፤ እሱ ሲናገር ብቻ በጋ ይሆናል?"

ጓዴ ድምፁን ከፍ አድርጎ አራተኛ አስኬደው። አሁን ሁላችንም ሰማን። ቆርቆሮው ይጮሃል፤ ዳይሬክተሩ አፉን ሲከፍት ጸጥ ይላል፤ የይርጋነሽ ፊት ሲመለስ እንደገና ይጮሃል። ለመምህሩ የተሰጠውን መልስ ቆርጠው ለእሷ ጥያቄ ቀጥለውታል። እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም ነበር። በካሜራ የተቀረጸ ነገር አይዋሽም ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ።

"ደግሞስ" አሉ እማማ፣ "ይኼ ሕዝብ የሚሉት ሰው የማን ልጅ ነው? ባሌን ስቀብር አላየሁትም።"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ደምለው የሲዲውን ሽፋን ከጓዴ እጅ ተቀብሎ አገላበጠውና "ቀጥታ ብለው ጽፈውበታል፤ ቀጥ ያለ ነገር ግን የለበትም" አለ። እየሳቅን ይርጋነሽን አየናትና ሳቃችን ቆመ። አልሳቀችም። እናቷ እውነተኛነቷን ሲያስመሰክሩላት እንኳ ፊቷ አልተፈታም።

"ራሴን ግን ነቅንቄአለሁ" አለች፤ ድምፅዋ ለመሰማት ያህል ነበር። "የእናቴን ስም ሲጠራ የነቀነቅሁትን ወስዶ፣ ስሟን ላጠፋበት መልስ ምስጋና አደረገው።"

ደምለው አሁን ቀልዱን ትቶ ሊያጽናናት ሞከረ። ምናልባት ዝናቡ ድምፁን ውጦት መልሱ አልሰማ ብሏቸው ይሆናል አላት።

"ካልተሰማ ይተዉት ነበር" አለችው። "የሌላ ሰው መልስ ለምን ይሰጡኛል?"

እናቷን ይዛ ወጣች።

ለዳይሬክተሩ በአደራ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ አልመለሰም። ቢመልስ ምን ሊል እንደሚችል ብዙ ጊዜ አስቤ ምንም አልመጣልኝም። ይርጋነሽ ራሷን መነቅነቅ የተወችው ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ነው። ደስ ሲላትም አትነቀንቅም፣ ስትስማማም አትነቀንቅም። በአፏ ብቻ "እሺ" ትላለች።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አባቷ ሲቀበሩ ከነበርነው መካከል ሦስታችንን ቤቷ ጠራችን። አንድ ወረቀት አዘጋጅታለች። አጻጻፏ እንደ መዝገብ ቤቱ ነው፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ። ከዚያ ሁለቱ መስመር ግጥም፣ ከሥሩም "የግጥሙ ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ሐና"። ያወጡበት ቀንና የቀብሩ ቦታ ተጽፏል። ሞጣ ላይ ዳይሬክተሩ የተናገረው ቃልም ሳይጎድል ሰፍሯል። የመጨረሻው ፈራሚ እኔ ነበርኩ። ስፈርም ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም፤ መጠራጠሬን አልነገርኳትም፣ ያወቀችብኝ ግን ይመስለኛል።

ወረቀቱን ለእናቷ ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። እማማ እስኪያልቅ ሰሟት።

"ዝናቡን ጻፍሽው?" አሏት።

"አልጻፍኩትም፣ እማዬ።"

"ጻፊው እንጂ። የመሰከረልሽ እሱ ነው።"

ከፊርማዎቻችን በታች ባዶ ቦታ ነበረ። ይርጋነሽ እስክሪብቶዋን አንሥታ "ይህ ቃል ሲነገር ዝናብ ይጥል ነበር" ብላ ጨመረችበት። እኛም ሦስታችን ከሥሩ እንደገና ፈረምን።