ካፕሱሉን የሚቀበለው እጅ

አጎቴ ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት፣ ድሬሰር፣ ነበሩ። ሕፃኗን ተቅማጥ የያዘባት እናት ስትመጣ ከሰላምታ በፊት እጃቸውን ይዘረጉ ነበር፤ የያዘችውን ካፕሱል ለመቀበል። እዚህ አዋሳ ብዙዎቻችን የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ከፍተን ለሕፃን በወተት እንበጠብጣለን።

ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት እኔም ልጄ ሲታመም ካፕሱል ይዤ ሄድኩ።

«አንቺም?» አሉኝ። «ሰገራው ደም አለው?»

«የለውም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ይህ ለአንቺ ፍርሃት ነው፤ ለእሱ አይደለም። እሱን ውሃ ነው የጠማው። የለምለም ዱቄት በውሃ በጥብጪለት።»

አፍሬ ካፕሱሉን ሰጠኋቸው። እሳቸውም ከቀበሌ ስብሰባቸው ቀርተው፣ እስኪመሽ ያንን ጨውና ስኳር ያለበትን ውሃ በማንኪያ አጠጡት።

በአርባቸው ተዝካር ማግስት ልጄን ተቅማጡ መልሶ ያዘው። ሳላስበው ካፕሱል ይዤ በራቸው ደረስኩ። የተዘረጋ እጅ አልነበረም። ቤቴ ተመልሼ ማንኪያውን አነሳሁ።