ሽማግሌዎች የዳሩት ሌላ ሰው
ወንድዬ ዓለም ባንክ ሰፈር ብየዳ ቤት ከከፈተ ዓመት አልፎታል። ከዚያ በፊት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ፋይል ሲያመላልስ ወጣትነቱን የፈጀ ሰው ነው። ያኔ በሰፈሩ የተከበረ ነበር፤ ጠዋት ታክሲ ሲጠብቅ ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላም ይለዋል። ዛሬ የሰፈሩን በርና መስኮት የሚሠራው፣ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራው ያው ሰው፣ ቱታ ለብሶ ሲያልፍ «ምስኪን፣ ምን አግኝቶት ነው?» ይባልለታል። እስቲ አሁን ምን ያገኘው ይመስላቸዋል? ሥራ ነዋ ያገኘው።

ይህን ሁሉ ችሎ ነበር። የሽማግሌዎቹ ነገር ግን አንጀቱን አሳረረው።

እፀገነትን ሊያገባ ነው። አጎቱ ጋሽ ደግፌ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው 18 ማዞሪያ ወዳለው አባቷ ቤት ሄዱለት። እሱ እንደ ወጉ ቤት ቀርቶ ጠበቀ። ፈገግ ብለው ተመለሱ፤ ተፈቅዷል። ወንድዬ ጉልበታቸውን ስሞ ሲያበቃ «ለመሆኑ ምን ይሠራል አላችኋቸው?» ብሎ ጠየቀ።

«የመንግሥት ሠራተኛ ነው አልናቸዋ።»

«ጋሼ፣ ለቅቄያለሁ እኮ። ያውቃሉ።»

«ታዲያ በያጅ ነው ብዬ የሰው ልጅ ልለምን? ከሠርጉ በኋላ ቀስ ብለህ ትነግራቸዋለህ።»

ጉድ እኮ ነው። የጋሽ ደግፌን የግቢ በር የሠራው ማን ሆነና? በየማታው እሱን በር ቀርቅረው እየተኙ፣ በሠራው እጅ ያፍራሉ። የወንድዬ ደሙ ፈላ። ዝም ካለ እፀገነትን ያገባል፤ ግን አማቱ ፊት ዕድሜ ልኩን ያንን ፋይል አመላላሽ ሆኖ ሊቀመጥ ነው። ከተናገረ ደግሞ ሊያጣት ይችላል።

በማግስቱ ከሥራ እንደወጣ፣ ቱታውን እንኳ ሳይቀይር 18 ማዞሪያ ሄደ። ያለ ሽማግሌ ራሱን ይዞ መሄድ ነውር መሆኑን አላጣውም። በሩን የከፈቱት የእፀገነት አባት አቶ ቀለመወርቅ የቧንቧ ሠራተኛ መሰላቸው።

«ወንድዬ ነኝ» አላቸው። «መሥሪያ ቤቱን ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ። ያለኝ ብየዳ ቤት ነው። ሽማግሌዎቼ ዋሽተውዎታል።»

አቶ ቀለመወርቅ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«እኔ ልጄን የፈቀድኩት ለመንግሥት ሠራተኛው ነው» አሉ። «ለአንተ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

እውነታቸውን ነው፤ አንድም ሰው ለእሱ ብሎ አልጠየቀም።

ከኋላቸው እፀገነት መጣች። «አባዬ፣ እነሱ ያሉትን ሰው እኔ አላውቀውም» አለች። «እኔን የጠየቀኝ ይኼኛው ነው። ያኔም ቱታ ለብሶ ነበር።»

አቶ ቀለመወርቅ ልጃቸውንም እሱንም ተራ በተራ አዩ።

«እንግዲያው» አሉት፣ «ሽማግሌ ቀይረህ ና።»